ሦስተኛው ምስክር

ጓድ ክፍሉ «እርስዎ» ሲላት ነው ነገሩ ለሃዎ ያላማራት። ድሬዳዋ ላይ ሰው አባቱንም ሼኹንም ዳኛውንም «አንተ» ብሎ ነው ውሎ የሚያድረው፤ «እርስዎ» ያለሽ ሰው ወይ ትናንት ከደጋ የወረደ ነው፣ ወይ አንድ ነገር ፈልጎብሻል። ክፍሉ ደግሞ ከደጋ ከወረደ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። እንግዲያው ሁለተኛው ነው አለች በሆዷ፤ ከቀረበላት ወንበርም ጫፉ ላይ ብቻ ቁጢጥ አለች።

ክፍሉ የቀበሌው ጸሐፊ ነው። ከአብዮቱ በፊት አስተማሪ ስለነበር ዛሬም ሲናገር ጠመኔ የያዘ ይመስል ሁለት ጣቱን አጣብቆ ያነሳል። የጠራት ለክፉ እንዳልሆነ ደጋግሞ ነገራት፤ ደጋግሞ ስለነገራትም ይበልጥ ፈራች። ልጇ ዛምዛም በስድስተኛ ክፍል ፈተና ከቀበሌው አንደኛ ወጥታለች። ይህን ለመስማት ቀበሌ መጠራት አያስፈልጋትም ነበር። ዛምዛም የንባብ ልክፍት ያለባት ልጅ ናት፤ ሃዎ ቀፊራ ገበያ ላይ ቅመም የምትጠቀልልበትን አሮጌ ጋዜጣ እንኳ ሳታነብ አትሰጥም። ደንበኛው እርዱን ለመቀበል እጁን ዘርግቶ ይቆማል፤ እሷ የዛሬ ሁለት ዓመቱን የጥጥ ምርት ዘገባ ጨርሳ ነው የምትጠቀልልለት።

ከዚራ በኩል አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አለ። መንግሥት የግሉን ሁሉ ሲወርስ እሱ እንደምንም ተርፏል። እዚያ ሰባተኛ ክፍል ለመግባት በሩ ሁለት ነው። አንዱ ፈተና ነው፤ አምና ከመቶ ሠላሳ በላይ ልጅ ተፈትኖ ያለፈው ዐሥራ አንድ ነው። የዐሥራ አንዱም ስም ልጆቹ እርሳሳቸውን ሳይቀርጹ ተጽፎ አልቆ ነበር እያለ ቀፊራ ያማል። ሁለተኛው በር አባት ለሌላቸው ልጆች የተተወ ሦስት ቦታ ነው። ፈተናም ክፍያም የለበትም፤ የሚጠይቀው አባትየው መሞቱን ሦስት ሰው የመሰከረበት የቀበሌ ደብዳቤ ብቻ ነው። ምዝገባው ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል።

«ደብዳቤውን እኔው ራሴ አዘጋጅቼዋለሁ፤» አላት ክፍሉ። «እርስዎ መጥተው ባይጠይቁም፣ ልጅቷ የእኛም ልጅ ናት ብዬ ነው።»

ማን ለመነህ ልትለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሃዎ ቅመም ስትሸጥ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሳይለምኑት ዋጋ የሚቀንስ ነጋዴ ከጆንያው ሥር የሻገተ ነገር እንዳለው ታውቃለች።

ፍርሃቷ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ባሏ አብዲቃድር በስልሳ ዘጠኝ ሐምሌ፣ ጦርነቱ ከተማዋ በር ላይ ሲደርስ፣ ወር ሳይሞላኝ እመለሳለሁ ብሎ በጅቡቲው ባቡር ሄደ። ወዲያው ሐዲዱ ተቆረጠ። ጦርነቱ በረድ ሲል ቀበሌው ቤት ለቤት ሰው ቆጠረ፤ ባልሽ የት ነው አሏት። ድንበር የተሻገረ ሰው ሚስት መሆን በዚያን ሰሞን ራሽን ማስከልከል ብቻ አልነበረም፤ ሌላም መዘዝ ነበረው። የሃዎ አፍ ደግሞ ከሐሳቧ ይቀድማል። «ሞቷል» አለች። እነሱም ጻፉት።

ሐዲዱ ተጠግኖ ባቡሩ መመላለስ በጀመረ በወሩ የአብዲቃድር የልብ ጓደኛ አብዱሰመድ በሯን አንኳኳ። አብዱሰመድ የባቡሩ ፍሬን ሠራተኛ ነው፤ ከጅቡቲ መመለሱ ነበር። ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል አላት። ከዚያ ወዲህ በየሁለት በየሦስት ወሩ የዱቄት ወተት፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ለዛምዛም እስክሪብቶ ይዞ ይመጣል፤ ከአብዲቃድር ነው ይላል። ከሱ የሚመጣ ደብዳቤ ብሎ ነገር የለም። አብዲቃድር ፊደል አልቆጠረም፤ ቢቆጥርም ኬላ ላይ ይከፈታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃዎ ቀበሌ ስትሄድ መበለት፣ ቤቷ ስትገባ ባለትዳር ሆና አምስት ዓመት ኖራለች።

ታዲያ ይህ ወረቀት ወጥመድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ባሏ ጅቡቲ ተቀምጦ ወተት እንደሚልክላት ደርሰውበት፣ በጣቷ አስፈርመው ሊይዟት ቢሆንስ? በአፍ የተባለ ውሸት፣ ደንግጬ ነው ብለው ያመልጡታል። ማኅተም ያረፈበትን ምን ይሉታል? እምቢ ብትል ደግሞ፣ ባሏ ሞቷል ያለች ሴት የሙት ልጅ ቦታ ሲሰጧት ለምን ትሸሻለች አይሉም? መውጫው ጠፋት።

«ላንብበው፤» አለች።

ክፍሉ ደስ አለው። መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ያስተማራት እሱ ነበር። ሃዎ በእርድ ቢጫ የሆነ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀመችው። የባሏን ስም አገኘች። ከሱ ቀጥሎ ያለውን ቃል ዘለለችው። ወደ ምስክሮቹ ወረደች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከቀበሌው ደጃፍ የማይጠፉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሻይ ከተጋበዙ ባሕሩ ሲደርቅ አይተናል ከማለት አይመለሱም። ሦስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። አብዱሰመድ ይላል። እንደገና ከመጀመሪያው ፊደል ጀመረች፤ አሁንም አብዱሰመድ ነው።

«እሱም ምሏል?» አለች ጣቷን ከስሙ ሳታነሳ።

«ሁሉም ምለዋል። በሐሰት ምስክር ራሽን የሚበላው በዛብን፤ ስለዚህ አሁን በየእምነታቸው ነው የምናስምለው።» ክፍሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ይህ በስብሰባ የሚወራ ነገር አይደለም። «ቁርአኑን መስጊድ ድረስ ሄጄ የተዋስኩት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን አጥፋ ነጠላዋ ውስጥ አስገባችው። አመሰግናለሁ ማለቷን አታስታውስም። ይዛት የመጣቻት ዛምዛም ደረጃው ላይ ቆማ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ታነባለች፤ እስክመለስ ከዚህ እንዳትነቃነቂ ብላት አብዱሰመድ ወደሚኖርበት ሰፈር፣ ወደ መጋላ፣ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ታጠፈች።

አብዱሰመድ የሚፈራው ነገር ቢኖር መሐላ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ጎረቤቱ ግድግዳ ሲያሠራ አንድ ክንድ መሬት ገፋበት። ሽማግሌዎቹ ቁርአን ጨብጠህ ማልና መሬትህን ውሰድ አሉት። መሬቱ የአባቱ መሆኑን መጋላ በሙሉ ያውቃል። እሱ ግን ለእውነትም ቢሆን አልምልም፣ አላህን ለአንድ ክንድ አፈር አልጠራም ብሎ ጥሎት ወጣ። እስከ ዛሬ በግቢው ሲገባ ትከሻው ያን ግድግዳ ይታከካል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ዛሬ አብዲቃድር ሞቷል ብሎ ቁርአን የጨበጠው።

ሸጡኝ፣ አለች ሃዎ እየሄደች። አስፈራርተውታል፤ ባቡር ላይ የሚያመላልሰውን ዕቃ ይዘውበት፣ ወይ ትመሰክራለህ ወይ ትታሰራለህ ብለውታል። እሱ ከተያዘ ደግሞ ማን ለማን ወተት እንደሚልክ አውጥቷል ማለት ነው። እያሰበች በሄደች ቁጥር እርምጃዋ ፈጠነ፤ በሩ ላይ ስትደርስ ልትሮጥ ምንም አልቀራት።

አብዱሰመድ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሥራ ካኪውን በሳፋ ያጥባል። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ልብሱን የሚያጥብለት የለም። ሃዎን ሲያይ እጁን ከአረፋው አላወጣም። ድሮ ገና ሳትቀመጥ «ሰላም ብሎሻል» ይላት ነበር፤ ዛሬ አላለም።

«ፈርመሃል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«ለምን?»

«ለልጅቷ ብዬ ነዋ፣ አቦ!»

ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የመጣላት እፎይታ ነው። አልሸጣትም፤ አልተያዘም። ዛምዛም እንድትማር ብሎ ነው። ከዚያ አዘነችለት፤ የአባቱን መሬት ያስጣለውን መሐላ ለጓደኛው ልጅ ሲል በሐሰት ማለ ማለት ነው፣ በላዩ ላይ ሲከብደው ሊኖር ነው። ቀጥሎ ግን ያ ሐዘን ሳያልቅ ሌላ ነገር መጣባት።

«ቁርአን ጨብጠህ፣ አብዱሰመድ?»

ሸሚዙን ከሳፋው አወጣና ጨመቀው። ውሃው አልቆም መጭመቁን አልተወም።

«ሃዎ፣ እኔ በውሸት አልምልም። አንቺ ታውቂኛለሽ።»

ቀሪውን ሳፋውን እያየ ነገራት። ሐዲዱ እንደተከፈተ ጅቡቲ ደርሶ አብዲቃድርን ሲጠይቅ መቃብር ነው ያሳዩት። በሄደ በሁለተኛው ወር ወባ ይሁን ሌላ፣ ሦስት ቀን አተኩሶት ሞተ። ሊያረዳት ነበር የመጣው። በሩን ሲያንኳኳ እሷ እየሳቀች ከፈተችለት፤ ሳይናገር ደህና ነው አይደል አለችው። ደህና ነው አለ። አንዲት ቃል ናት፤ በሚቀጥለው ጉዞዬ አስተካክላታለሁ ብሎ ነበር። በሚቀጥለው ጉዞው ዛምዛም እየሮጠች መጥታ አባቴ ምን አለ ብላ ጠየቀችው። አንቺም ለቀበሌው ገድለሽዋል፣ ቢያንስ ቤቱ ውስጥ ይኑር ብዬ ነው አለ፤ ወተቱንም ጨርቁንም ከየት እንዳመጣው አልተናገረም፣ እሷም አልጠየቀችውም።

ሃዎ አላለቀሰችም። የመጣባት ንዴት ነው፤ እንዲህ ተናዳ አታውቅም። አምስት ዓመት ሙሉ ለሞተ ሰው ደህና ሁን ስትል፣ ለሞተ ሰው ሒና ስትሞቅ፣ ረመዳን በመጣ ቁጥር ለሞተ ሰው ቴምር ስትልክ ይህ ሰው ቆሞ አይቷታል። ቴምሩን ማን በላው? እሱን ልትጠይቀው አፏን ከፈተች፤ እሱ ቀደማት።

«ሼኹን ጠይቄያለሁ። ባል የሞተባት ሴት ቤት የምትቀመጥበት አራት ወር ከዐሥር ቀን የሚቆጠረው ከሞተበት ዕለት ነው። ዒዳሽ አልፏል፤ ምንም የለብሽም።»

«መቼ ነው የጠየቅከው?»

«አምና።»

አምና። እሷ ባል አለኝ ስትል እሱ የእሷን ዒዳ አስቆጥሯል ማለት ነው። ለምን? ሚስቱ የሞተችበት፣ ሸሚዙን ራሱ የሚያጥብ ሰው የሌላ ሰው ሚስት ነጻ መሆን አለመሆኗን ለምን ይጠይቃል? ሃዎ ፊቱን ፈለገች፤ ፊቱ ሳፋው ላይ ነው። ውሸታምነቱ እንደሆነ አይቀርለትም፤ ጥያቄው የቱ ላይ እንደዋሸ ነው። ወይ አምስት ዓመት እሷን ዋሽቷል፣ ወይ ዛሬ ጠዋት አላህን። ሁለቱም የማያደርገው ነገር ነበር። ጥላው ወጣች።

ዛምዛም እንዳዘዘቻት አልተነቃነቀችም። ወደ ከዚራ ለመሻገር ደቻቱ ወንዝ ገቡ፤ ውሃ የለውም፣ አሸዋው እግር ያቃጥላል። ጋሪዎች በሌላው በኩል አቧራ እያስነሱ ያልፋሉ። ሃዎ ከየት እንደምትጀምር ግራ ገባት። ልጅቷ ድሮ አብዱሰመድ በሄደ ቁጥር ለአባቷ ደብዳቤ ትጽፍ ነበር፤ እሱ ኮፍያው ውስጥ ደብቆ ይወስዳል፣ እኔው አነብለታለሁ ይላት ነበር። ከአምና ረመዳን ወዲህ መጻፉን ተወች። ስትጠየቅ ትምህርት በዛብኝ ነበር መልሷ። ያኔ ሃዎ አመነቻት።

«ደብዳቤውን ለምንድነው የተውሽው?»

«አባቴን አንድ ነገር ጠይቄው ነበር። ያን ቀን ሲሄድ እንዳልከተለው አንዱን ጫማዬን ደበቀብኝ። የት ነበር የደበቅከው ብዬ ጻፍኩለት። አብዱሰመድ ሲመለስ፣ ተማሪ ብሎሻል አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ደግሜ ጻፍኩ። በርቺ ብሎሻል አለኝ።»

«ጫማው ተገኘ?»

«አልተገኘም።» ልጅቷ አሸዋውን እያየች ትሄዳለች። «ረስቶት ይሆናል። ሰው ይረሳል አይደል፣ እማ?»

ሃዎ በዚህ ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ፣ አቧራ እንደገባበት ሰው አስነጠሰች። ከዚያ ነገረቻት። ክፍሉ የሰጣትን ወረቀት፣ አብዱሰመድ ቁርአን ጨብጦ መማሉን፣ መቃብር አይቻለሁ ማለቱን ነገረቻት። ስለ ዒዳው ዝም አለች፤ እሱ ለልጅ ጆሮ አይደለም። ዛምዛም የእናቷን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘችና ወንዙን ወጡ።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ጥላ ነበረው። ሰልፉ ግን ፀሐይ ላይ ነው። መዝጋቢዋ ወይዘሮ ሰርካዲስ የምትባል ጠና ያለች ሴት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሰው ሳታይ ትናገራለች። የፈተናውም የሙት ልጆቹም ቅጽ አንድ ነው አለቻቸው። ታች አባት በሕይወት መኖር አለመኖሩን የሚጠይቅ መስመር አለ። የለም የተባለ ደብዳቤውን አያይዞ ይሰጣል፣ ጉዳዩ ዛሬውኑ ያልቅለታል። አለ የተባለ ደግሞ የፈተና ቁጥሩን ተቀብሎ ቅዳሜ ይመጣል። ሁለቱንም መሞከር አይቻልም። ከሦስቱ የሙት ልጆች ቦታ የቀረው አንድ ነው።

የዛምዛም ተራ ደረሰ። ሃዎ ወረቀቱን ከነጠላዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ በጀርባው ነው ያስቀመጠችው። አሁን ምን ትያለሽ ብሎ ነገሩ ፊቷ ቆመ። የለም ብትላት ልጇ ትማራለች። ሳትፈተን፣ ሳትታማ፣ ማንም ስሟን ሳይሰርዝ ትማራለች። ምናልባትም እውነት ነው። ግን ከአብዱሰመድ አፍ የወጣ እውነት ነው፤ የአብዱሰመድን አፍ ደግሞ ዛሬ አውቃዋለች። አለ ብትላትና ልጅቷ ከመቶ ሠላሳው ጋር ተቀምጣ ብትወድቅስ? ለሞተ ሰው ብላ የልጇን ዕድል እንደጣለች አትኖርም? ሃዎ እንዲህ መወሰን ያቃታት በሕይወቷ የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ያ ፈጣን አፏ ዛሬ ምነው ዘገየባት።

ዛምዛም ስሟን ጻፈች። የአባቷን ስም ጻፈች። ዕድሜዋን፣ ቀበሌዋን፣ ያመጣችውን ነጥብ በዚያ የተስተካከለ ፊደሏ ሞላች። ከዚያ ብዕሩ ቆመ።

ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ኋላ ያሉት ማጉረምረም ጀምረዋል፤ አንዱ አባት ቶሎ በሉ አለ።

«የምታውቂውን ጻፊ፤» አለች ሃዎ።

ዛምዛም ወደ ቅጹ አጎነበሰች። አራት ሆነው በአንድ ዴስክ ሲፈተኑ ጎረቤት እንዳይቀዳባት እንደምታደርገው፣ ግራ ክንዷን ወረቀቱ ላይ ዙሪያውን አጠፈችና መስመሩን ከለለችው። ሃዎ አንገቷን አሰገገች፤ ከክንዱ በላይ የሚንቀሳቀሰው የብዕሩ ጭራ ብቻ ነው የታያት። ብዕሩ ቆመ። ወይዘሮ ሰርካዲስ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደችና ቅጹን ለመቀበል እጇን ዘረጋች፤ ዛምዛም ክንዷን ገና አላነሳችም።